ክብሪቱን አስቀምጡት፦ የክበባችን የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ማስታወሻ

ጥቅምት 12

ዛሬ ጀመርን። ካልጻፍኩት ግማሹን እረሳዋለሁ ብዬ ነው ይሄን ማስታወሻ የከፈትኩት፣ ሌላ ትምህርት ቤት ያለ መምህርም ልሞክር ካለ እኛ የተሳሳትንበት ጋ እንዳይሳሳት ይረዳዋል።

ባዮሎጂ ነው የማስተምረው፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ ጠዋት ጉሙ ሲወርድ የሰንደቅ ዓላማው ጫፍ የማይታይበት ደጋ ነው። የቀይ መስቀል ክበብ ተጠሪም እኔ ነኝ፣ ክበቡ ግን እስካሁን ስሙ ብቻ ነው የነበረው፣ በዓመት አንዴ ግቢ ማጽዳት በቃ።

ያነሳሳኝ ነገር ያምና ነው። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ክፍል ውስጥ የሚጥል በሽታዋ ተነሳባት። እኔ ጎን ካለው ክፍል ነበርኩ፣ ጩኸት ሰምቼ ስደርስ አብዛኛው ተማሪ በበርም በመስኮትም ወጥቶ ሸሽቷል፣ አረፋው ከነካን ይተላለፍብናል ብለው ነው። ከቀሩት ደሞ አንዱ እግሯ ላይ ተቀምጧል፣ አንዱ ጥርሷን በእስክሪብቶ ሊያላቅቅ ይታገላል፣ አንዱ ክብሪት እየጫረ አፍንጫዋ ስር ይይዛል። እኔስ ምን አልኩ? "ሌላ ጫር!" ነው ያልኩት። ባዮሎጂ ተምሬ፣ ስለ ነርቭ ምናምን እያስተማርኩ፣ እናቴ ቤት ያየሁትን ነው ያደረግኩት። ልጅቷ ስትነቃ ከላይኛው ከንፈሯ በላይ የምስር ፍሬ የምታክል ቃጠሎ ነበራት። ጠባሳው ዛሬም አለ፣ ክፍል በገባሁ ቁጥር አየዋለሁ።

ጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ነርስ ሐሙስ ሐሙስ ከ9 ሰዓት በኋላ ልትመጣልን ተስማማች። ልጆቹ ሲስተር ነው የሚሏት እኔም እንደዛው። 15 ልጅ ነበር የጠበቅኩት 31 መጣ። መጀመሪያ የክበባችሁ ስም ከየት እንደመጣ እወቁ ብዬ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል በ1927 ዓ.ም ጣልያን ሊወረን በተቃረበበት ሰዓት የተቋቋመ መሆኑን ነገርኳቸው፣ ቆሻሻ ለመልቀም አይደለም የተቋቋመው አልኩ።

ከዛ ሲስተር ሰሌዳውን ለሦስት ከፈለችና ቤታችሁ ሰው ሲቃጠል፣ ሰው ሲደማ፣ ሰው ሲወድቅ ምን ይደረጋል ብላ ጠየቀች። እጅ አወጣጡን ብታዩት! ለቃጠሎ ኮልጌት፣ እንቁላል፣ ቡሆ፣ ቅቤ፣ ማር። ለሚደማ ቡና፣ አፈር፣ የሸረሪት ድር። ለወደቀ ክብሪት፣ ሽንኩርት፣ ውሃ መድፋት፣ ደግፎ ማቆም። ሰሌዳው ሞላ። ሲስተር ትንሽ ዝም ብላ አየችውና "እኔኮ ጤና ጣቢያ ከቁስል ላይ ስጠርግ የምውለው ይሄንን ነው" አለች። ማንም አልሳቀም።

ማታ ቤቴ ሆኜ ሳስበው ልጆቹ ምንም የማያውቁ ቢሆኑ ይቀለን ነበር። ሰው ሲጎዳ እጃቸው ወዲያው የሚሮጥበት ነገር አለ፣ ያን እጅ ይዞ ሌላ ቦታ ማሳረፍ ነው ሥራው። ሲስተርንም እንደዛ አልኳት፣ ሁልጊዜ "ምን እናድርግ" ከማለታችን በፊት "ምን እንተው" ብለን እንጀምር ተባባልን።

ጥቅምት 20

አሻንጉሊቱን እየሠራን ነው። የማይተነፍስ ሰው ደረት መጫን የሚለማመዱበት ማለቴ ነው፣ የሚሸጠው በክበብ አቅም የሚታሰብ ስላልሆነ። ገላው የማዳበሪያ ጆንያ፣ ውስጡ ጭድ። ችግሩ ደረቱ ጋ ነው። ጭድ ብቻ ሲሆን አንዴ ከተጫነ ሰርጉዶ ይቀራል፣ የሰው ደረት ግን ይመለሳል፣ መመለሱ ራሱ ግማሹ ሥራ ነው ምክንያቱም ልብ ደም የምትሞላው ደረቱ ሲለቀቅ ነው። ከሶፋ ሠሪ የተረፈ ስፖንጅ በ120 ብር ገዛን፣ እሱ ደሞ በጣም ለሰለሰ።

አንድ የአስረኛ ክፍል ልጅ የሁለት ሊትር ሃይላንድ ይዞ መጣ። ክዳኑን አጥብቀን ስፖንጁ ስር አጋደምነው፣ ድንጋይ ሆነ። ክዳኑን አወለቅነው፣ ተጨፍልቆ ቀረ። ከዛ ልጁ ምስማር ከሰል ላይ አግሎ ክዳኑን በሳው፣ ትንሽዬ ቀዳዳ፣ ሲጫኑት አየሩ ቀስ እያለ ይወጣል ሲለቁት ፊሽ ብሎ ይሞላል፣ በደንብ የተጫኑት እንደሆነ ደሞ "ቀጭ" ይላል። በማስመሪያ ስንለካው የጠርሙሱ ውፍረት ወደ 11 ሳንቲ ሜትር ነው፣ የአዋቂ ሰው ደረት ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ነው መውረድ ያለበት፣ ስለዚህ ጠርሙሱ ግማሹ ድረስ ሲጨፈለቅ ልኩ ነው። ቀጭ ካላለ አልተጫነም ማለት ነው። በዛች ድምፅ ሳቢያ እኔ አጠገባቸው ባልኖርም ራሳቸውን ያርማሉ።

ጭንቅላቱ ጨርቅ የተሞላ የተቀደደ ኳስ ነው። ስሙን "እንግዳው" አሉት።

ጥቅምት 28

ቆጠራው አስቸገረን። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ነው መጫን ያለበት፣ 30 ጊዜ ተጭኖ ሁለት ትንፋሽ። ልጆቹ እስከ አስር ጥሩ ይሄዳሉ፣ ከአስራ አንድ በኋላ ይዘገያሉ፣ "ሃያ ሰባት" "ሃያ ስምንት" ላይ ሲደርሱ እጃቸው አፋቸውን እየጠበቀ ጭራሽ ይንቀራፈፋል። በስልኬ ሰዓት ያዝኩ፣ 30ው 24 ሰከንድ ፈጀ፣ መሆን ያለበት ግን ከ15 እስከ 18 ነው። አንዷ "ቲቸር ሦስት ጊዜ እስከ አስር ብንቆጥርስ?" አለች። አንድ ሁለት ሦስት ብለው አስር ላይ ሲደርሱ እንደገና ከአንድ። 17 ሰከንድ! ቪዲዮዎቹ ላይ የሚቆጥሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ይሄ ችግር አይታይም፣ በአማርኛ የምታስተምሩ እንዲህ አስቆጥሩ።

ክንድ ሳይታጠፍ፣ ትከሻ ከእጅ በላይ፣ በመዳፍ ተረከዝ፣ ደረት መሀል። በየሁለት ደቂቃው መቀያየር። ትንፋሹን በተመለከተ ሲስተር አላስጨነቀቻቸውም፣ ያልሠለጠነ ወይ የፈራ ሰው ደረቱን ብቻ ይጫን፣ ካለምንም በጣም ይሻላል አለች። ውሃ ለበላው ሰውና ለሕፃን ግን ትንፋሹ ዋናው ነው፣ የራስሽ ወንድም ከሆነ ትጸየፊዋለሽ እንዴ ብላ አንዷን ስትጠይቃት ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

ኅዳር 5

ዛሬ ያስደነገጠኝ ነገር ደረሰ። ሁለት ወንዶች በእረፍት ሰዓት "እንግዳው" ተቆልፎበት ስለነበር እርስ በርስ ተለማመዱ፣ አንዱ ተጋድሞ አንዱ ደረቱን ተጫነው፣ ከልቡ ነው የተጫነው። ልጁ ጎኑን ይዞ እያለቀሰ መጣ። ጤና ጣቢያ ታይቶ የተሰበረ ነገር የለም ተባለ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን ለሁለት ሳምንት ያመዋል። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አሻንጉሊት የሠራነው ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም ነበር፣ ለኔ ግልፅ ስለሆነ ለነሱም ግልፅ መሰለኝ። የሚተነፍስና የሚናገር ሰው ደረት ላይ ልምምድ የለም። ወላጁን ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። አባትየው "መምህር፣ ቢማር አይደል" ብለው ቡና አፈሉልኝ፣ እኔ ግን ከዛሬ ጀምሮ የቁልፉን ቅጂ ለክበቡ ጸሐፊ ሰጥቻለሁ።

ኅዳር 13

አጨዳ ስለሆነ ግማሹ ተማሪ የለም፣ ገብሱ አይጠብቅም። የዛሬው ርዕስ መድማት መሆኑ ለዚህ ነው፣ በየዓመቱ በዚህ ወር ማጭድ የቆረጠው ጣት ሳላይ አላልፍም።

ትምህርቱ አጭር ነው፣ ንጹህ ጨርቅ አድርጎ መጫን፣ በኃይል፣ 10 ደቂቃ፣ ሳይገልጡ። "ሳይገልጡ" የምትለዋ ናት ከባዷ። በጎኑ የተበሳ ሃይላንድ ቀይ ቀለም በጥብጠን ሞልተን አንዱ ሲጨምቀው ሌላው ቀዳዳውን በጨርቅ ይጫናል፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ደቂቃ ሳይሞላው ቆመ ወይ ብሎ ገለጥ አርጎ ያያል፣ ቀለሙም ፊቱ ላይ ይረጨዋል። ደሙ ሊረጋ ሲል መግለጥ እንደገና መጀመር ነው። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ላዩ ላይ መደረብ እንጂ የታችኛውን አለማንሳት።

ፋሻ ውድ ስለሆነ አቡጀዲ ገዝተን አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቆርጠን ሰያፍ ስንቀደው ሁለት ሦስት ማዕዘን ይወጣዋል። ለክንድ ማንጠልጠያም፣ ለራስ ማሰሪያም ይሆናል። አቡጀዲ በሌለበት ነጠላ አለ። በእኛ አካባቢ ነጠላ ያልለበሰች እናት የት ትገኛለች?

እጅና እግር ላይ ተጭነውት የማይቆም፣ እየፈለቀ የሚወጣ ደም ከሆነ ከቁስሉ በላይ በሰፊ ጨርቅ አስሮ በእንጨት ማጥበቅ፣ መገጣጠሚያ ላይ አለማሰር፣ ሰዓቱን መጻፍ፣ መንገድ ላይ አለመፍታት። ሲስተር ይሄን ስታስተምር ሦስቴ "የመጨረሻ አማራጭ" አለች። ቤተሰቡ ቆላ በሸዋ ሮቢት በኩል የሆነ አንድ ልጅ ለእባብም እንደዚህ እናስራለን አለ። አይታሰርም። አይበጣም፣ በአፍ አይመጠጥም፣ እባቡን ለመግደል አይሮጥም። የተነደፈው እግር እንደተሰበረ እግር በእንጨት ተደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ይደረግና ሰውየው ሳይራመድ ተሸክሞ ሆስፒታል። ልጁ "ታዲያ እኛ ያሰርናቸው...?" ብሎ ጀምሮ ዝም አለ። የሚመጣ ሳምንት ለብቻው አናግረዋለሁ።

ኅዳር 27

ዛሬ ወጌሻ ነው ያስተማረን። የአንዷ ተማሪያችን አያት ናቸው፣ ሲስተር መጀመሪያ ሐሳቡን አልወደደችውም፣ በጣም ጠብቆ ታስሮ ጣቱ ጠቁሮ የመጣ ሕፃን አይታ ታውቃለች፣ እጁ ተቆርጧል። እኔ ግን ሰው አጥንቱ ሲሰበር መጀመሪያ የሚሄደው እሳቸው ጋ ነው፣ ልጆቹን ብቻ አስተምረን እሳቸውን ብናገል ምን ዋጋ አለው አልኩ።

አባባ ሸምበቆ ሰንጥቀው ይዘው መጡ፣ በቢላ ጫፉን አለሳልሰው፣ በእያንዳንዱ መሀል ጥጥ አድርገው የአንድ ልጅ ክንድ ላይ ሲያስሩ እኛ በካርቶን ስንታገል የከረምነው ነገር አሳፈረን። አስረው እንደጨረሱ ሲስተር ዝቅ ብላ የልጁን ጥፍር ተጫነችው፣ ነጭ ሆነ፣ ስትለቀው ቶሎ አልቀላም።

"አባባ፣ ይቺን ይዩልኝ" አለቻቸው። ቀና ብለው አዩ። ከሌላኛው እጁ ጋር አስተያየቻቸው፣ የዛኛው ወዲያው ይቀላል። "ልጄ፣ ደሙ አልደረሰም ነው የምትይኝ?" አሉ። "አዎ አባባ፣ ሲያብጥ ደሞ ይብሳል።" ትንሽ አሰቡና ፈቱት፣ ላላ አርገው አሰሩት፣ ራሳቸው ጥፍሩን ተጫኑት፣ ቀላ። ሁለት ሦስቴ ደጋገሙት። ከዛ ለልጆቹ "እንግዲህ እኔ ያሰርኩትን ስታዩ ጥፍሩን ተጫኑ፣ ነጭ ከቀረ አባባ ፍቱ በሉኝ" አሏቸው። የደነዘዘ፣ የቀዘቀዘ፣ የጠቆረ ጣት ካለ ማላላት፣ አጥንቱ ቆዳ ቀዶ የወጣ ከሆነ ደሞ ሳይነካካ በንጹህ ጨርቅ ተሸፍኖ በቀጥታ ሆስፒታል፣ እሳቸውም አብረው እንደሚሸኙ ቃል ገቡ። ከሥልጠናው ሁሉ የዛሬውን ያህል የወደድኩት የለም።

ከሰዓት በኋላ ከሁለት አጣናና ከጋቢ ቃሬዛ ሠርተን ግቢውን ዞርን። ይሄን ማስተማር አላስፈለገንም፣ የገጠር ልጅ ቃሬዛ ያውቃል።

ታኅሣሥ 9

ከሰል።

ከገጠር የመጡ ተማሪዎቻችን ከተማ ቤት ተከራይተው ነው የሚማሩት፣ ሁለት ሦስት ሆነው በአንዲት ክፍል፣ እሁድ እሁድ ከቤት ቆሎና ሽሮ ስንቅ ይዘው ይመለሳሉ። ዘንድሮ ውርጩ ከባድ ነው፣ ጠዋት ጀሪካን ውስጥ ያለው ውሃ ላይ ስስ በረዶ ይጋገራል። ከሲስተር ጋር ማታ ማታ ዘጠኝ ክፍሎች ዞርን። አንዷን ልግለጽ፣ ሦስት እርምጃ በሦስት እርምጃ ትሆናለች፣ መስኮት የላትም፣ ግድግዳው በጋዜጣ ተለብጧል፣ ከበሩ ስር ብርድ እንዳያስገባ ጆንያ ተጠቅጥቋል፣ የቁልፉ ቀዳዳ ሳይቀር በወረቀት ተደፍኗል። መሀል ላይ የከሰል ምድጃ። ሦስት ሴት ልጆች ዙሪያውን ተቀምጠው ያጠናሉ። ቤቱ ሲሞቅ ደስ ይላል፣ እውነት ለመናገር እኔም እጄን ዘረጋሁ።

"ማታ ስትተኙ ታወጡታላችሁ?"

"ቲቸር ከቀላ በኋላ እኮ ጭስ የለውም።"

ከዘጠኙ ሰባቱ ቤት ይሄንኑ ነው ያሉን። ጭስ የለውም፣ ስለዚህ አይጎዳም። ጭሱ ይታያል ያስላል ያስለቅሳል፣ ሰው ሸሽቶ ይወጣል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም አይሸትም፣ ፍሙ ቀልቶ ሲያምርም ይወጣል፣ ደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ደሞ ከኦክሲጅን ይልቅ እሱን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው የሚይዘው። ይሄን እኔው ክፍል ውስጥ አስተምሬያቸዋለሁ፣ ፈተናም አውጥቼበታለሁ፣ በትክክል መልሰዋል። ግን የደብተሩ ሄሞግሎቢንና የምድጃው ፍም ለልጆቹ ሁለት የተለያየ ዓለም ነው። እዛችው ክፍል ወለል ላይ ቁጭ ብለን ደብተሩን ከምድጃው ጋር አገናኘነው።

"ጠዋት ራሳችሁን አሟችሁ አያውቅም?" ስትል ሲስተር ሦስቱም ተያዩ። ብርዱ ነው፣ ስላመሸን ነው ሲሉ ነበር የከረሙት። አንድ ቤት ያሉ ሰዎች ሁሉ አንድ ላይ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካዞራቸው፣ ካቅለሸለሻቸው ከሰል ነው፣ ወዲያው በር ከፍቶ መውጣት ነው። የተኛ ሰው ካልነቃ ጎትቶ ደጅ ማውጣት፣ አውጪው ራሱ እዛው ቆሞ እንዳይቀር። ወተት ላጠጣው፣ ሎሚ ላሽትተው አይባልም፣ ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይገባም፣ የሚያስፈልገው አየር ነው ከዛ ኦክሲጅን ያለበት ጤና ተቋም። የማይተነፍስ ከሆነ "እንግዳው" ላይ የተማሩትን።

ብርዱንስ? አትሞቁ ብሎ መሄድ ጭካኔ ነው። የተስማማነው መብራት ከመጥፋቱ በፊት ምድጃው ደጅ ይውጣ፣ እየነደደ እያለም በሩ ገርበብ ይበል፣ የሞቀ ውሃ በጀሪካን ሞልቶ ክዳኑን አጥብቆ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ስር ማድረግ። ሦስቱም የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ አላቸው፣ ለየብቻ ከሚተኙ ተደራርበው ይተኙ። የቤት አከራይዋን እትዬንም አነጋገርናቸው፣ "የሰው ልጅ አደራ ነው" ብለው ማታ ማታ ምድጃ መውጣቱን ራሳቸው ሊያዩ ተስማሙ።

ታኅሣሥ 17

ስለሚጥል በሽታ ልናስተምር ሲስተርና እኔ ስንዘጋጅ ያቺ ልጅ፣ ያምናዋ፣ አሁን አስረኛ ናት፣ ቢሮ መጣችና "ቲቸር እኔ ልናገር?" አለች። እናቷን አስፈቀድኩ።

ቆማ ስትናገር ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እኔም አቋረጥኳት ላሳርፋት ብዬ፣ እሷ ግን ቀጠለች። መጀመሪያ ሆዷ አካባቢ የሆነ ነገር ይሰማታል ከዛ ምንም አታውቅም። "ስነቃ መጀመሪያ የሚሸተኝ ክብሪት ነው። ከዛ ጫማችሁን ነው የማየው። ብዙ ጫማ። ቀሚሴ የት እንደደረሰ አላውቅም።" ከዛ ተቀመጠች።

ከሷ በኋላ ሲስተር የጨመረችው ብዙ አልነበረም። አለመያዝ፣ አፍ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ድንጋይና ወንበር ከአጠገቧ ማራቅ፣ ከጭንቅላቷ ስር ሹራብ ማድረግ፣ ሰዓት ማየት፣ መንፈራገጡ ሲያቆም በጎኗ ማስተኛት፣ ቀሚሷን ማስተካከል፣ ሌላውን ሰው ማራቅ፣ እስክትነቃ አጠገቧ መሆን። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይ ሳትነቃ ከደገማት፣ ወይ የመጀመሪያዋ ከሆነ ጤና ተቋም። በአረፋ አይተላለፍም። ስለ ጠበል ጠየቁ፣ ሲስተር "ጠበሉንም ተጠመቁ መድኃኒቱንም አታቋርጡ" አለች፣ መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ራሱ ይጥላል።

ጥር 7

የቃጠሎውን ውሃ ለካን። 20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ሲባል ልጆቹ "ቲቸር ውሃው ከየት?" ነው ያሉት፣ ልክ ናቸው። ያንኑ የተበሳ ክዳን ያለው የሁለት ሊትር ሃይላንድ ስናንጠባጥብ አንዱ 5 ደቂቃ ቆየ፣ ስለዚህ አራት ጠርሙስ፣ 8 ሊትር፣ የአንድ ጀሪካን ግማሽም አይሆንም። በረዶ የጋገረ ውሃ አይሁን። ቀለበትና አምባር ሳያብጥ ማውለቅ፣ የተቃጠለውን ብቻ ማቀዝቀዝ ሌላውን ገላ በጋቢ መሸፈን፣ ውሃ የቋጠረውን አለማፈንዳት፣ በንጹህ ፌስታል ላላ አርጎ መሸፈን። ኮልጌቱ ለጥርስ ይቀመጥ።

ጥር 21

ፈተና ሳምንት። ያቺ የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅ ዛሬ በሒሳብ ፈተና መሀል ወደቀች።

እኔ አልነበርኩም፣ የነገሩኝን ነው የምጽፈው። ፈታኙ መምህር ሌላ ነው፣ ሥልጠናው ላይ አልነበረም፣ ደንግጦ ቆመ። የክበቡ ልጆች ሦስት ናቸው እዛ ክፍል። አንዱ ዴስኩን ጎትቶ አራቀ፣ አንዷ ሹራቧን አውልቃ ከጭንቅላቷ ስር አደረገች፣ አንዱ ፈታኙን "ቲቸር ሰዓት ይዩልን" አለው፣ ለፈታኙም ሥራ ሰጡት ማለት ነው። ጥበቃው ጩኸት ሰምቶ ክብሪት እያወጣ ገባ፣ ሹራቧን ያወለቀችው ልጅ "ጋሼ፣ ክብሪቱ ይቅር፣ በሩ ጋ ቆመው ሰው እንዳይገባ ያርጉልን" አለችው። ክብሪቱን ኪሱ ከቶ በር ላይ ቆመ። ሁለት ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። በጎኗ አስተኟት፣ ቀሚሷ ላይ ነጠላ ጣል አረጉባት።

ማታ እናትየው ቤት ሄድኩ። ልጅቷ ተኝታ ነበር። እናትየው "ዛሬ ክብሪት አልሸተተኝም አለችኝ" አሉኝ። ፈተናውን ሰኞ ለብቻዋ ትወስዳለች፣ ከዳይሬክተሩ ጋር ጨርሰናል።

የካቲት 7

በልግ እየመጣ ስለሆነ መብረቅ። አንድ እረኛ ልጅ የጠየቀው ነው፣ "መብረቅ የመታውን ሰው ብንነካው ይይዘናል?" አይይዝም፣ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ አይደለም፣ ሰውየው ላይ የሚቀር ምንም የለም። መብረቅ ልብና ትንፋሽ ስለሚያቆም ወዲያው ደረቱን ከጫኑት የመትረፍ ዕድል አለው፣ ብዙ ሰው ከተመታ ደሞ የሚጮኸው ሳይሆን የሞተ የሚመስለው ነው የሚቀድመው። ዝናብ ሲመጣ ባህር ዛፍ ስር አለመጠለል። የኤሌክትሪክ ሽቦ የያዘው ሰው ግን መብራቱ ሳይጠፋ አይነካም፣ ሁለቱን እንዳያምታቱ ደጋግመን አልን።

ስልክ መደወልም ተለማመድን። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፣ ከሱ ጎን የጤና ጣቢያችንን አምቡላንስ ሹፌር ቁጥር በካርድ ጽፈን ለየቤታቸው ሰጠን። ልጆቹ የት ነህ ሲባሉ "ቤታችን ጋ" ነው የሚሉት! ቀበሌና ጎጥ፣ ቅርብ ያለ ቤተ ክርስቲያን ወይ ወፍጮ ቤት፣ መኪና እስከየት እንደሚገባ፣ መንገድ ላይ ማን ወጥቶ እንደሚጠብቅ። መንገድ በሚዘጋባቸው ቀናት ግን ስልኩም አያመጣውም፣ ያኔ ያለው ቃሬዛውና እነዚህ ልጆች ናቸው።

የካቲት 20

ቆሎ። የአንዱ ተማሪ ታናሽ እህት ስምንት ወሯ ነው፣ ገብስ ቆሎ ትን ብሏት ልጁ በክንዱ ላይ በደረቷ ደፍቶ ራሷን ዝቅ አርጎ ትከሻና ትከሻዋ መሀል መታ፣ አራተኛው ላይ ወጣ። አያቷ ውሃ ሊያጠጧት ይዘው ቆመው ነበር። አምስት ጀርባ ላይ፣ ካልወጣ ገልብጦ አምስት ጊዜ በሁለት ጣት ደረት ላይ፣ ዓመት ላልሞላት ልጅ ሆዷ አይጫንም። ከፍ ላለ ሰው ከጀርባው በኋላ ሆድ ነው፣ የሚያስል ከሆነ ግን አሳሉት አትንኩት። ልጁ ይሄን ሲነግረኝ እጁን እያየ ነበር፣ ስንት እንደቆጠረ ደጋግሞ ነገረኝ።

እናቶች ሊማሩ ይፈልጋሉ፣ ከማርያም ማኅበር ሰዎች ጋር ለእሁድ ከሰዓት ተነጋግረናል፣ ከሰሉንና ቆሎውን ነው የምናስቀድመው። "እንግዳው" ደረቱ ሰርጉዷል፣ ሃይላንዱ ተሰንጥቆ ቀጭ ማለት ትቷል። ሁለት አዲስ ጠርሙስ፣ ስፖንጅ፣ አንድ ሜትር አቡጀዲ። ሕፃን የሚያክል ትንሽ አሻንጉሊትም እንሥራ ብለዋል፣ የሽንብራ ከረጢት ለገላው ይሆናል ተብሎ አንዷ ልታመጣ ነው።